ሃርጌሳ ላይ የወደቀው ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ምስር እየለቀምኩ የምሽቱን ዜና በግማሽ ልቤ ስከታተል፣ አንባቢዋ ስለ አንድ አስትሮይድ ማውራት ጀመረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ምድር ሊጠጋ የሚችል ትልቅ ቋጥኝ ነው አለች። የመምታት ዕድሉ ኢምንት ነው፤ ቢሆንም የብዙ አገር ባለሙያዎች ተሰብስበው እየመከሩበት ነው። ከዚያ ካርታ ወጣ። ካንዱ ውቅያኖስ ተነስቶ፣ አፍሪካን በሰያፍ አቋርጦ እስያ የሚደርስ ቀይ መቀነት ተሰምሮበታል። ቋጥኙ የሚወድቅ ከሆነ የሚወድቀው በዚያ መቀነት ላይ ነው ተባለ።

አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን የሚጎረጉረው የእህቴ ልጅ ናትናኤል ቀና ብሎ አየና፣ "አክስቴ፣ ኮንዶሚኒየማችን ላይ ከወደቀ ከሊፍቱ ጣጣ ተገላገልሽ" አለኝ። የሕንፃችን ማኅበር ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ የተበላሸው ሊፍት ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን መነጽሬን አድርጌ ቴሌቪዥኑ ሥር ሄጄ ቆምኩ። አዲስ አበባ ተጽፏል፣ ጅቡቲ ተጽፏል፣ ሞቃዲሾ ተጽፏል። ሃርጌሳ የለችም። መኖር በነበረባት ቦታ ላይ ቀዩ መቀነት ብቻ አልፏል።

"ምን ጠፋብሽ?" አለኝ።

"አንድ ከተማ" አልኩትና ወደ ምስሬ ተመለስኩ። ምስሩን ግን አልለቀምኩትም፤ እጄ እዚያው ሰፌዱ ላይ ቀረ።

ከሰማይ ድንጋይ ይመጣል ተብሎ ሲመከር ለእኔ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሃርጌሳ ውስጥ፣ ድንጋዩን ማን ይግፋው፣ ወዴትስ ይግፋው የሚለውን ጉባኤ የመራሁት እኔው ነበርኩ። በእኔ ሰብሳቢነት ጊዜ ድንጋዩ ወድቋል። በሕይወቴ ከተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ግን እንደዚያኛው የሚያኮራኝ የለም፤ የኮራሁትም በራሴ ሳይሆን ሆዳን በምትባል ልጅ ነው።

አባቴ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነበር። ሃርጌሳ ያለውን የትኬት ቢሮ እንዲመራ ሲመደብ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ሄደ፤ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል ሰፈር ጥሩ ግቢ ያለው ቤት ተከራየን። ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ከተማዋ ፍርስራሿን እያራገፈች የምትነሳበት ጊዜ ነበር። ጠዋት ከአዛኑ ቀጥሎ የሚቀሰቅሰን የመዶሻ ድምፅ ነው፤ በየሰፈሩ ቆርቆሮ ይመታል፣ በየጥጉ ብሎኬት ይደረደራል፣ ሰዉ በቤቱ ግማሽ እየኖረ ግማሹን ይሠራል። እናቴ መጀመሪያ ላይ አቧራውን ስታማርር ከረመች። ኋላ ለምዳው፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ላሆህ በማር እየበላች የጎረቤቶቻችንን ግድግዳ ከፍታ መከታተል ሆነ ሥራዋ። ላሆህ የእንጀራ ታናሽ እህት በሉት፤ አነስ፣ ለስለስ፣ ትንሽም ጣፈጥ ይላል። "የእነ ፋዱማ ቤት ዛሬ መስኮት ደርሷል" ትለናለች፣ እሷ ራሷ ያስገነባችው ይመስል ደስ እያላት።

እኔ አዲስ በተከፈተው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል ገባሁ። ሕንፃው የድሮ ትምህርት ቤት ነው፤ አንደኛው ክንፉ ጣሪያ ስላልነበረው ጥላው ሲዞር ወንበራችንን እየያዝን እንዞር ነበር። ከክፍሉ ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነኝ። ሶማልኛዬ እንደ ነገሩ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ክርክሩ ግን ሁልጊዜ በሶማልኛ ነበር።

ሆዳን የቀረበችኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ መሬቱን የምትለካ የምትመስል ልጅ ናት። አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና በአማርኛ "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ። ደነገጥኩ። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቧ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ውስጥ መጠለያ ካምፕ ገብቶ ነበር፤ አማርኛውን የለቀመችው እዚያ፣ ከገበያ ሴቶች ነው። ስለዚህ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ስትቆጣ "ውሰጂ ወይ ተይው!" ትላለች። እናቷ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሆዳን ከክፍል እንደወጣች እዚያ ትቆማለች፣ በጨርቅ መለኪያው ጠረጴዛ ሥር መጽሐፏን ደብቃ እያነበበች።

ዓለም አቀፍ ሕግ የሚያስተምረን መዓሊን ጃማ ነበር። መዓሊን መምህር ማለት ነው። ውጭ አገር ተምሮ፣ ኑሮ ከያዘ በኋላ ሁሉን ትቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ይዞ የመጣው ሻንጣ በፎቶ ኮፒ የታጨቀ ነበር። ያ ሻንጣ ነው የቤተ መጻሕፍታችን ትልቁ ክፍል። አንድ ቀን ከሻንጣው ስለ ጠፈር ሕግ የሚያወራ ጥራዝ አወጣና እንጀምር ሲል ክፍሉ አጉረመረመ። አብዲራሺድ የሚባል ቀልጣፋ ልጅ ተነስቶ፣ "መዓሊን፣ እኛ ገና የቤታችንን ጣሪያ አልጨረስንም፤ ሰማዩ ምን ያደርግልናል?" አለው።

መዓሊን ጃማ መነጽሩን አወለቀ። "አገራችሁን ማንም እንደ አገር አይቀበላትም፤ በየትኛውም ውል ላይ ፊርማዋ የለም። እዚህ ጥራዝ ላይ ግን ጠፈር የሰው ልጅ ሁሉ ነው፣ ጥቅሙም ላደጉትም ላላደጉትም እኩል ነው ይላል። የሰው ልጅ ለመባል ማንም እውቅና እንዲሰጣችሁ አትጠብቁም። ስለዚህ ይሄ የእናንተም ነው፤ ቁጭ በልና ተማር።"

አብዲራሺድ ቁጭ አለ፤ ተማርን። ጨረቃን የእኔ ነች ማለት ለማንም እንደማይፈቀድ፣ አንድ አገር ያመጠቀው ነገር ወርዶ የሰው ቤት ቢያፈርስ ያቺ አገር እንደምትክስ ተማርን። ከዚያ መዓሊን የሚወዳትን ጥያቄ አመጣ። ከሰማይ የሚመጣ ቋጥኝ ባለቤት የለውም፤ የወደቀበት ሰው ዕድሌ ነው ብሎ ይቀመጣል። ነገር ግን አንዲት አገር ሮኬት ልካ ገፋ ብታደርገውና፣ እሷ ላይ ሊወድቅ የነበረው ሌላው ላይ ቢወድቅስ? ሕጉ መልስ አልነበረውም። እናንተ መልስ ስጡ ተብለን የዓመቱ መጨረሻ ጉባኤ በዚህ ላይ እንዲሆን ተወሰነ።

ጉባኤው ተራ የክፍል ሥራ አልነበረም። አንድ የውጭ ተቋም ናይሮቢ ውስጥ ለሚሰጠው የአንድ ዓመት የጠፈር ሕግ ትምህርት ለክፍላችን አንዲት ቦታ ሰጥቶን ነበር። ሁለት ዳኞች ከውጭ ይመጣሉ፤ ሐሳቡን ለጉባኤው አቅርቦ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በድምፅ ያስጸደቀ ተማሪ ቦታዋን ያገኛል። ሆዳን ያቺን ቦታ እንዴት እንደምትፈልጋት የማውቅ እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ቡና ቀለም ያለው ጨርቅ እያጠፈች፣ "ካገሬ አንዴ ወጥቻለሁ፤ ተሸክመውኝ ነው የወጣሁት" አለችኝ። "እኔ ደግሞ በእግሬ፣ ስሜ ተጠርቶ መውጣት እፈልጋለሁ።" ይህን ስትል እጇ ቆሞ ነበር። እኔም በሆዴ ለእሷ ስለት ተሳልኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

ሰብሳቢ ይመረጥ በተባለ ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ለምን እኔ?" አልኩ።

"ጎሳ የለሽማ!" አለ አብዲራሺድ። "አደላሽ ብንልሽ እንኳ ለማን እንዳደላሽ ማወቅ አንችልም።"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የምራቸውን ኖሯል፤ እዚያ አገር ሸምጋይ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው ከየት እንደተወለደ ነው። እኔ ከየትም ስላልነበርኩ ከሁሉም የተሻልኩ ሆንኩ። ሌሎቹ ከመዓሊን ኮፍያ ውስጥ የአገር ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት አወጡ። ለአንዱ ብራዚል ደረሰው፣ ለአንዱ ኖርዌይ፤ አብዲራሺድ ሕንድ ሆነና ቀኑን ሙሉ ሲያሾፉበት ዋሉ። ሆዳን እጇን ከመስደዷ በፊት "የራሴን አገር መሆን እችላለሁ?" ብላ ጠየቀች። "አባል አይደለችም፤ ወንበር የላትም" አላት መዓሊን፣ አይኑን ሳያነሳ። ያወጣችው ወረቀት ላይ "ባለሮኬቷ አገር" የሚል ተጽፎ ነበር። ጉባኤው ሁሉ የሚለምናት እሷን ሆነች።

ከጉባኤው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ጣለ። ሃርጌሳን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ እኛም ወደ ክፍል ስንሄድ በእግር እናቋርጠው ነበር። ዝናብ ሲጥል ግን ድንገት ቡናማ ውኃ እያጓራ ይመጣል። ያን ዓመት አንድ ነጋዴ በወንዙ ዳር አዲስ ለሚሠራው ቤት ብሎ ጠንካራ የድንጋይ ግንብ ገንብቶ ነበር። ጎርፉ ግንቡን መታና ወደ ማዶ ዞረ። ማዶ የእነ ሆዳን ቤት ነበረ። ሰው አልተጎዳም፤ የእናቷን ማድ ቤት ግን ከነዕቃው ጠራርጎ ወሰደው።

ሽማግሌዎቹ ወንዙ ዳር አንድ ግራር ሥር ተቀመጡ። ሆዳን ይዛኝ ሄደች፤ ከሴቶቹ ጋር ጠርዝ ላይ ተቀምጠን እናዳምጥ ነበር። ከሁለቱም ወገን ተራ በተራ ይናገራሉ፣ ያንኑ ደግመው ይናገራሉ፣ ሻይ ይመጣል፣ ግጥም የሚመስል ነገር ይገባል፣ ፀሐይ ትዞራለች። በነጋታው እንደገና። እኔ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ሲንዛዛ ያሳክከኛል። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ "እጅ አውጥተው አይጨርሱትም እንዴ?" አልኳት በሹክሹክታ።

ሆዳን በመገረም አየችኝ። "እጅ ካወጡ የተሸነፈው ተሸንፎ ቤቱ ይገባል" አለች። "የሚቀጥለው ጎርፍ ሲመጣ ማን ያግዘናል? አሸናፊና ተሸናፊ አይተን ጠግበናል፣ አባዮ።" አባዮ እህቴ ማለት ነው። የከተማዋን ግድግዳ እያየች ነበር የተናገረችው፤ በዚያ ሁሉ ግድግዳ ላይ የጥይቱ ቀዳዳ ገና አልተለሰነም።

ለእነ ሆዳን ወገን የሚናገረው የአባቷ ወንድም አዴር ኢጌ ነበር፤ አዴር አጎት ማለት ነው። ነገሩን የቋጨውም እሱ ነው። ውኃ የሚያዞር ሰው ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት ከታች ካሉት ጋር ሊቀመጥ ይገባው ነበር፤ ጠይቆ ቢያዞር ኖሮ ጉዳቱን አብረን እንሸከመው ነበር፤ ሳይጠይቅ ስላዞረ ማድ ቤቱን ይሠራል፤ ግንቡ መሃል ላይ ይከፈት፤ የማዶውን ዳርቻ ደግሞ ሁላችንም አብረን እንገንባ አለ። ነጋዴው ራሱ ተነስቶ እጁን ሰጠው። በሳምንቱ ያ ነጋዴ ሸሚዙን ጠቅልሎ ለእነ ሆዳን ዳርቻ ድንጋይ ሲያቀብል በዓይኔ አየሁት።

የጉባኤው ቀን አባቴ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። "ሰብሳቢ ያለ ሰዓት አይሆንም" አለኝ። አዳራሹ አዲስ ጣሪያ ለብሶ ነበር፤ ወንበሮቹን ከዋሄን ገበያ ሻይ ቤቶች ተውሰን በጋሪ አስመጣን። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ነጋዴዎች፣ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ግንበኞች ከነአቧራቸው፤ አዴር ኢጌም በትሩን ይዞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ዳኞች፣ አንዲት ረጅም ፈረንጅ ሴትና ዝምተኛ ሰው፣ ከፊት ተቀምጠው ወረቀታቸውን ዘረጉ።

መዓሊን ጃማ ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ለጥፎ በማስመሪያና በቀይ እርሳስ መስመር አሰመረበት። "ቋጥኙ ካልተነካ እዚህ ይወድቃል" ብሎ ሰሜኑን አሳየ፤ ብዙ ሕዝብ ያለባቸው ትልልቅ ከተሞች ናቸው። "ሮኬቱ በደንብ ከገፋው ምድርን ይስታታል። ግፊቱ ካነሰ ግን በመስመሩ ላይ ወርዶ እዚህ ይወድቃል" አለና ጣቱን አሳረፈ። ጣቱ ያረፈው ሃርጌሳ ላይ ነበር። ሆን ብሎ ይሁን እጁ ሄዶ እስካሁን አላውቅም። ሕዝቡ ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌ "አላህ ያውጣን" አሉ። ሮኬቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰማው የመግሪብ አዛን በፊት ካልተተኮሰ ጊዜው ያልፋል ተባለ።

ሆዳን ተነሳች። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሮኬቷ ምን እንደሚችል፣ ወጪውን አገሮች እንዴት እንደሚጋሩ፣ ስህተት ቢፈጠር ማን እንደሚክስ፣ ሁሉን እንደ ጨርቅ ዘርግታ አሳየች። ብራዚል ራሱን ነቀነቀ፣ ኖርዌይ ጻፈ፣ የፈረንጇ ዳኛ እስክሪብቶ ቆመ። ድንጋዩ ሊወድቅባቸው የነበሩት የሰሜኖቹ ወኪሎችማ እንትፍ ብለው ሊመርቋት ምንም አልቀራቸው። ፊቶቹን አየሁ፤ ድምፁ በእጇ ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ ጊዜ ተርፏል።

"ወደ ድምፅ እንሂድ" አልኩ።

"ክብርት ሰብሳቢ፣ አንድ ጥያቄ" አለች ሆዳን፣ አሁንም እንደቆመች። "ከመስመሩ ታች ያሉት ሰዎች፣ ግፊቱ ካነሰ የሚወድቅባቸው፣ እዚህ ማን ይናገርላቸዋል?"

"በደንቡ መሠረት አባል አይደሉም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም ቀጠነብኝ።

"ጎርፉ እናቴ ማድ ቤት ሲገባ አባል ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም" አለች። "ሮኬቱ የእኔ ነው። እነሱ ሳይጠየቁ አልተኩስም።"

አብዲራሺድ ዘሎ ተነሳ። "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ጊዜው እያለቀ ነው፤ ድምፅ ይሰጥ!" ትክክሉን ነበር የተናገረው። ደንቡ ከእሱ ጋር ነው። እኔም በዓይኔ ሆዳንን ለመንኳት፤ ተይው፣ ቦታዋ እጅሽ ገብታለች፣ ድምፁን ልቁጠርልሽ። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ በሁለታችን ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ "እልፌ፣ አይዞሽ" አለችኝ። "ወንበር አምጪ።"

ትርፍ ወንበር አልነበረም። ወደ መዓሊን ጃማ ዞርኩ። መዓሊን ተነሳ፤ የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ በብራዚልና በኖርዌይ መሃል አኖረው፤ እሱ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "ጉባኤው ቅሬታ አለው?" አልኩ። የተናገረ የለም። ወንበሩ ባዶውን ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከኋላ የበትር ድምፅ ተሰማ፤ አዴር ኢጌ መጥቶ ተቀመጠበት፣ ገና ከጥንቱ የእሱ እንደነበረ ሁሉ ተደላድሎ።

"አዴር" አለኝ። ትልቅ ሰው እዚያ አገር ልጁን በራሱ መጠሪያ መልሶ ይጠራዋል፤ እኔን ባዳዋንም እንዲሁ ጠራኝ። "ይህን ድንጋይ መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው?"

የመዓሊንን ጽሑፍ አገላበጥኩ። "ከሁለት ዓመት በፊት፣ አዴር።"

"እኛን ለመጠየቅ የመጣችሁት ግን ዛሬ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።"

መጀመሪያ ሕዝቡ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ዳኞቹ ትርጉሙ ሲደርሳቸው ተያዩ። አዴር ኢጌ አልተቆጣም። ተስተካክሎ ተቀመጠና መጠየቁን ቀጠለ። ሰዉ የት ይሄዳል? ከብቱን ምን ያበላል? ከሄደበት ሲመለስ መሬቱ የማን ይባላል? እያንዳንዱ አገር ሊመልስለት ሞከረ፤ መልሱም ሌላ ጥያቄ ወለደ። ብራዚል ሆዬ ስደተኞችን እቀበላለሁ ብሎ ቃል ገባ። አብዲራሺድ ሁለቴ ድምፅ ይሰጥ አለ፤ ሁለቴም ጎረቤቶቹ እጁን ይዘው አስቀመጡት። እኔ የአባቴን ሰዓት አየሁ፣ ሆዳንን አየሁ፣ መልሼ ሰዓቱን አየሁ። እንዲህ እንዳለን ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

ድንጋዩ ወደቀ።

ሁሉም ለሰላት ወጡ። ሴቶቹ ጎን ካለው ክፍል ገቡ። አዳራሹ ውስጥ እኔና ሁለቱ ዳኞች ብቻ ቀረን። ፈረንጇ ወረቀቷን እየሰበሰበች አዘኔታ ባለው ፈገግታ አየችኝ፤ እኔ ሰብሳቢዋ ጉባኤውን ሜዳ ላይ የበተንኩ ያህል አፈርኩ። ለሆዳን ደግሞ አለቅስ ነበር፤ ዳኞቹ ባይኖሩ አለቅስ ነበር። ወንበሮቹን ለጋሪው ላነባብር ተነሳሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንደደረብኩ ብራዚል ተመልሶ ገባ። ፊቱ ገና ከውዱው ትጥበት እንደረጠበ ነው። ከእጄ ወንበሩን ወስዶ ወደ ቦታው መለሰና ተቀመጠበት። ኖርዌይ ተከተለው፣ ሰሜኖቹ ተከተሉ፤ ሆዳን ገባች፣ አዴር ኢጌም ገብቶ ያንኑ ወንበር ያዘ። ግንበኞቹ፣ እናቶቹ፣ ሁሉም እየመጡ የነበሩበት ተቀመጡ። አንድ ሰው መብራት አበራ።

መዓሊን ጃማ ግራ ገብቶት፣ "አዴር፣ እኮ ድንጋዩ ወድቋል፤ አልቋል" አለ።

"ያኛው ወድቋል" አለ አዴር ኢጌ። "አሁን የምንነጋገረው ስለሚቀጥለው ነው።"

ፈረንጇ ቦርሳዋን መልሳ መሬት አስቀመጠች።

የምሽቱ የዒሻ አዛን ሳይደርስ ጨረሱ፤ እጅ ያወጣ ሰው የለም። የተስማሙበትን እኔ ጻፍኩት፤ አጭር ነበር። ድንጋይ የታየ ዕለት ምክሩ ይጀመር፤ የመጨረሻው ቀን አይጠበቅ። የሚገፋው ሰው ከሥሩ ካሉት ጋር ሳይቀመጥ አይግፋ፤ ወንበር ኖራቸውም አልኖራቸውም። ተመካክረው ከገፉት በኋላ የሚደርሰውን ጉዳት የሰው ልጅ ሁሉ ይሸከመው። ይኸው ነው። ሳነበው አብዲራሺድ ጭምር "እሺ" አለ፤ ጉባኤው የጠበቀው የእሱን እሺ ነበር።

ቦታዋ ለሆዳን አልደረሰችም። ዳኞቹ ደንቡን ማጠፍ አልቻሉም፤ ቀነ ገደቡ አልፏል፣ የጸደቀ ሐሳብ የለም። በንግግሩና ጊዜ በማክበሩ አብዲራሺድን መረጡት፤ እሱም የማይገባው አልነበረም። በማግስቱ ጋአን ሊባህ ሱቃቸው ስሄድ ሆዳን መለኪያውን ይዛ ጨርቅ እየለካች አገኘኋት፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። የማጽናኛ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ገና አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

"አዎ፣ አዝኛለሁ" አለች። "በጣም ነው ያዘንኩት። ዛሬም ብትጠይቂኝ ግን ወንበር አምጪ ነው የምልሽ። ይኼ ነው፤ ውሰጂ ወይ ተይው።" ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን።

አብዲራሺድ ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችው፤ ለመንገድ ቴምር ቋጥራለት ነበር። አባቴ ከትኬት መስኮቱ ሆኖ አያትና ማታ እራት ላይ "ያቺ ልጅ ትልቅ ሰው ናት" አለን። አባቴ ሰው አሞግሶ አያውቅም። በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፣ እኔም ትምህርቴን እዚህ ጨረስኩ። ሆዳን እዚያው ቀረች። መዓሊን ጃማ ሲያረጅ ሻንጣውን ያስረከበው ለእሷ ነው፤ ክፍሉን ዛሬ የምታስተምረው እሷ ናት።

ያ ቀን በእኔ ላይ ምን እንደሠራ ጎረቤቶቼ ይናገሩ። የሊፍቱ ስብሰባ አምስተኛ ጊዜው ነው፤ "እትዬ እልፍነሽ፣ ለምን በድምፅ አንጨርሰውም?" ይሉኛል። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሊፍቱ ለእኛ ምናችን ነው ብለው አኩርፈዋል፤ እነሱ እሺ ሳይሉ አልጨርስም። ያሳክከኛል፣ ግን እቀመጣለሁ።

አስትሮይዱን በተመለከተ፣ ከሳምንታት በኋላ ናትናኤል ስልኩን አሳየኝ። ባለሙያዎቹ እንደገና አስልተውት ቋጥኙ ምድርን በሩቁ እንደሚያልፋት ታውቋል። "አለቀ፣ አክስቴ፤ በከንቱ ነው የተሰበሰቡት" አለኝ። ለሆዳን ደወልኩላት። ከጀርባዋ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ያቺ ከተማ አሁንም እየገነባች ነው።

"ካርታውን አየሽው?" አልኳት።

"አየሁት፤ የለንበትም" አለች እየሳቀች።

"ድንጋዩ ያልፋል አሉ እኮ።"

"አልሐምዱሊላህ። ያኛው አልፏል" አለች፤ ቀጣዩን እኔ እንድጨርሰው ጠበቀችኝ። "አሁን የምንነጋገረው ስለሚቀጥለው ነው" ብዬ ጨረስኩላት።

ከዚያ ተማሪዎቿ ዘንድሮም ዝናቡ ሲያባራ ጉባኤውን እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። በየዓመቱ ያደርጉታል፤ አዴር ኢጌ የተቀመጠበት ወንበር በየዓመቱ መሃል ላይ ባዶ ይቀመጣል፣ ከሕዝቡ የፈለገ ሰው መጥቶ ይቀመጥበታል። የቸገራት ሰብሳቢ ነው። አንድ ዓመት የየመን ነርስ፣ ሌላ ዓመት የኬንያ አስተማሪ ተገኝተውላት ነበር። "ዘንድሮ ጎሳ የሌለው ሰው አጣን፣ አባዮ" አለች።

በነጋታው ትኬት ቆረጥኩ። የአባቴ ሰዓት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ እሱን ግን ይዤው አልሄድም።